የአረጋውያን ቤት መክፈቻ በማን እጅ ይደር

ሰው ሲያረጅ ኀይል ከጕልበቱ፥ ብርሃንም ከዓይኑ እየራቀ ይሄዳል፤ ቤቱ ግን እንደ ጥንቱ ሆኖ ይቈያል። ደረጃው አያጥርለትም፥ የበሩም ደፍ ዝቅ አይልለትም። ትናንት ያለ አሳብ ሲወጣበትና ሲገባበት የኖረው በር ለአረጋዊው ትልቅ ጕዳይ ይሆንበታል። ከውስጥ ቀርቅሮት ቢተኛ፥ በወደቀ ጊዜ የሚያነሣው ሰው መግቢያ ያጣል፤ ሳይቀረቅረው ቢተኛ ሌባ ያሠጋዋል። መክፈቻውን ለጐረቤት አደራ ቢሰጥ ጐረቤቱ ቤት ይለውጣል ወይም ይሞታል፤ ለልጁ ቢሰጥ ልጁ በሌላ ከተማ ነው። ይህ ነገር ትንሽ መስሎ የሚታየው ላልደረሰበት ሰው ነው። በአንዳንድ አገር ግን ማዘጋጃ ቤቶች የሚመክሩበት፥ ገንዘብ የሚመድቡለት፥ ሕግ ዐዋቆችም የሚከራከሩበት የመንግሥት ሥራ ሆኗል፤ ከነዚህም አገሮች አንዱ ስዊድን ነው።

የስዊድን ሕዝብ 10 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሲሆን ከአምስት ሰው አንዱ 65 ዓመት የሞላው ወይም ያለፈው ነው። ከነዚህ አረጋውያን ብዙዎቹ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ይልቁንም ሴቶቹ ከባሎቻቸው በኋላ ብዙ ዘመን ስለሚቈዩ በብቸኝነት የሚበዙት እነርሱ ናቸው። ልጅ ወላጁን እንዲጦር በሕግ አይገደድም። አረጋዊው ምግብ ማብሰል፥ ገላውን መታጠብ ወይም መድኀኒቱን በሰዓቱ መዋጥ ሲያቅተው ለማዘጋጃ ቤቱ ያመለክታል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ችግሩን በሹም ካስመረመረ በኋላ ረዳት ሠራተኛ በቀን አንድ ጊዜ ወይም ብዙ ጊዜ ወደ ቤቱ እንድትመላለስ ያዛል። በአገሩ 290 ማዘጋጃ ቤቶች ያሉ ሲሆን፥ ከ1992 መባቻ ጀምሮ የአረጋውያን ጥበቃ ዋናው ኀላፊነት በነርሱ ላይ ወድቋል፤ ከ2002 ወዲህም አረጋዊው ከኪሱ የሚከፍለው ገንዘብ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ ተደንግጓል። (ስለ ውጭ አገር በሚነገረው ሁሉ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ቀድሞ በስዊድን ባላገር ዘንድ አንድ ገበሬ ሲያረጅ እርሻውን ለልጁ ወይም ለሚገዛው ሰው ያስረክብና ራሱ እስኪሞት ድረስ የሚያገኘውን በውል ያጽፍ ነበር፤ ይህን ያህል እህል፥ ይህን ያህል ወተት፥ ይህን ያህል ማገዶ፥ የሚያድርበትም ክፍል ወይም ጐጆ እየተባለ ይቈጠር ነበር። ውሉም በርስቱ ላይ የተመዘገበ ዕዳ ስለ ሆነ፥ እርሻው ወደ ሌላ ሰው እጅ ቢዛወር እንኳ ሽማግሌውን የመቀለብ ግዴታ አብሮ ይዛወር ነበር። አባት ከልጁ ጋራ ስለ ወተትና ስለ ማገዶ በጽሑፍ መዋዋሉ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ይከብድ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ውል በእጁ ያለው ሽማግሌ ውል ከሌለው ይሻል ነበር። ርስት የሌለው ድኻ አረጋዊ ዕጣው የከፋ ነበርና። የአጥቢያው ሹማምንት በጨረታ ያቀርቡታል፤ ጨረታውም የሚጸናው ብዙ ለሚከፍል ሳይሆን፥ ሽማግሌውን ለመቀለብ ከአጥቢያው ገንዘብ ጥቂት ለሚጠይቅ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ጨረታ በሕግ የተከለከለው በ1918 ነው። እንግዲህ ዛሬ ማዘጋጃ ቤቱ ወደ አረጋዊው ቤት ረዳት የሚልክበት አገር፥ ከመቶ ዓመት በፊት አረጋዊውን ራሱን ከቤት ወደ ቤት ይልከው የነበረ አገር ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ በሌላ መንገድ ሄዷል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ ይኸውም በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1992 የወጣው አዋጅ ቍጥር 213፥ በወላጅና በተወላጅ መካከል ቀለብ የመሰጣጠት ግዴታ እንዳለ ይደነግጋል፤ ልጅ የተቸገረ ወላጁን አላውቅም ሊል አይችልም ማለት ነው። ሁለቱ አገሮች በተለያየ ዘመን፥ ነገር ግን በአንድ የዓመት ቍጥር፥ አንዱ ሸክሙን በማዘጋጃ ቤት ላይ ሌላው በቤተ ዘመድ ላይ ማጽናታቸው እንዲያው የሚያስገርም አጋጣሚ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። ስዊድን ከጥንት የቁልፍ ሠሪዎች አገር ናት። ከ1661 እስከ 1751 የኖረው ክሪስቶፈር ፖልሄም የሚባለው ብልኅ መሐንዲስ ሽቴርንሱንድ በሚባለው ቦታ ባቋቋመው የብረት ፋብሪካ ከሠራቸው ብዙ ዕቃዎች መካከል ጓጕንቸር ይገኝበታል፤ ያም ዐይነት ጓጕንቸር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1881 አውጉስት ስቴንማን ኤስኪልስቱና በምትባለው የብረት ሠሪዎች ከተማ የመሠረተው ድርጅት ኋላ አሳ ተብሎ የታወቀው ነው፤ በጎረቤት አገር በፊንላንድ ደግሞ ኤሚል ሄንሪክሶን በ1907 ሌላ ዐይነት ቁልፍ ፈለሰፈ። የሁለቱ አገሮች ኩባንያዎች በ1994 አንድ ሆነው ዛሬ በዓለም ላይ ከሚገኙት የቁልፍ ኩባንያዎች ከታላላቆቹ የሚቈጠረውን አሳ አብሎይን አቆሙ። በብዙ አገር ቤት በር ላይ የሚገኘው ባለ ጥርስ ጠፍጣፋ መክፈቻ ግን የአሜሪካዊው የሊነስ ዬል ሥራ ነው፤ ፈቃዱን ያገኘው በ1861 ነው። የዬል አሳብ እንኳ አዲስ አልነበረም፤ በውስጡ የሚወርዱ ትንንሽ ችንካሮች መወርወሪያውን ይዘው እንዲያስቀሩት፥ መክፈቻውም እነርሱን ወደ ላይ አንሥቶ እንዲለቀው ማድረግን የጥንት ግብፃውያን በእንጨት ሠርተውት ነበር።

ይህ ሁሉ ብልኀት ለአንድ ነገር የተሠራ ነው፤ መክፈቻ ያልያዘ እንዳይገባ ነው። አረጋዊውን የሚያስጨንቀው ግን መክፈቻ ያልያዘ ረዳት እንዴት ይግባ የሚለው ነው፤ ለዚህ ብረቱ ብቻውን መልስ አልነበረውም።

ማዘጋጃ ቤቶቹ ለብዙ ዓመታት ያደርጉት የነበረው እንዲህ ነው። ረዳት የሚላክለት ሰው ሁሉ የቤቱን መክፈቻ ትርፍ አስቀርፆ ለማዘጋጃ ቤቱ፥ ወይም ማዘጋጃ ቤቱ ለተዋዋለው ኩባንያ፥ በፊርማ ያስረክባል። መክፈቻዎቹ በብረት ሣጥን ይንጠለጠላሉ፤ ከሌባ እጅ ቢወድቁ እንዳይታወቁ ስም ሳይሆን ቍጥር ይታሰርባቸዋል። ረዳቷ ጧት ስትመጣ ለዕለቱ የሚያስፈልጓትን ቈጥራ ትፈርማለች፤ ማታ ቈጥራ ትመልሳለች። በአንድ ቀን ብዙ ቤት የምትዞር ሠራተኛ የምትሸከመው የመክፈቻ እስር የወኅኒ ቤት ጠባቂ ያስመስላታል። ከእስሩ አንዱ የጠፋ እንደ ሆነ የአንድ ሰው በር ቁልፍ ይለወጣል፤ የጠፋው የጋራውን የፎቅ መግቢያ የሚከፍት እንደ ሆነ ደግሞ የሕንፃው ሁሉ መክፈቻ እንዲለወጥ ያስፈልጋል፤ ወጪውን ማን ይክፈል የሚለው ክርክርም ይነሣል።

ይህ የቀኑ ነው። የሌሊቱ ይብሳል። በሦስተኛው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ከአልጋቸው ተነሥተው ሲሄዱ ወደቁ እንበል። ዳሌያቸውን ስላመማቸው መነሣት አልቻሉም። በእጃቸው አንጓ ላይ የታሰረውን የድረሱልኝ ደወል ይጫናሉ፤ በክፍሉ ውስጥ ካለው ሣጥንም የሰው ድምፅ ወጥቶ ምን እንደ ሆኑ ይጠይቃቸዋል፤ አይዞዎት፥ ሰው ይመጣልዎታል ይላቸዋል። የሌሊት ተራ ያላት ረዳት ግን በዚያ ሰዓት በከተማው በሌላ ወገን፥ በሌላ አረጋዊ ቤት ናት። የእኒህ ባልቴት መክፈቻ በእጇ የለም። መጀመሪያ መኪናዋን ይዛ ወደ መሥሪያ ቤቱ ትመለሳለች፥ የብረቱን ሣጥን ትከፍታለች፥ ቍጥሩን ትፈልጋለች፥ ትፈርማለች፥ ከዚያ በኋላ ወደ ባልቴቷ ቤት ትነዳለች። በክረምት መንገዱ በበረዶ የተሸፈነ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባልቴቷ በወለሉ ላይ ናቸው። አረጋዊ ሰው በወለል ላይ ሲቈይ የሰውነቱ ሙቀት ይቀንሳል፥ በአንድ በኩል የተጫነው ሥጋው ይጐዳል፥ ኵላሊቱም እስከ መታመም ይደርሳል፤ ሐኪሞች ከውድቀቱ ይልቅ ወድቆ መቈየቱን የሚፈሩት ስለዚህ ነው። እንግዲህ የብረት ሣጥኑና የባልቴቷ በር የሚራራቁበት መንገድ የአንድ ሰው ሕይወት ሊያርፍበት የሚችል መንገድ ነበር።

ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች አሁን ያደረጉት ይህን መንገድ ማስቀረት ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው በበሩ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የቀድሞው ቁልፍ በቦታው ነው፥ የቀድሞውም መክፈቻ ይከፍተዋል። በበሩ ውስጣዊ ገጽ ላይ፥ መቀርቀሪያውን የሚያዞረው እጀታ ባለበት ቦታ፥ መዳፍ የምታህል ሣጥን ትገጠማለች። በውስጧ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሞተር አለ፤ ሞተሩም ሰው በእጁ ያዞረው የነበረውን እጀታ ያዞራል። ግንብም ሆነ በር ሳይበሳ የምትገጠም ስለ ሆነች፥ አረጋዊው ሲሞት ወይም ወደ መጦሪያ ቤት ሲሄድ ተነቅላ ለሌላ ሰው ትሰጣለች፤ በሩ ግን እንደ ቀድሞው ይቀራል።

የረዳቷ መክፈቻ እንግዲህ በኪሷ ያለው የእጅ ስልክ ነው። ወደ ሥራ ስትገባ ማንነቷን ለስልኩ ታስታውቃለች፤ እርሱም በዚያ ቀን የተመደበችባቸውን ቤቶች ብቻ የሚከፍት ፈቃድ ይቀበልላታል። ከበሩ ጥቂት ርምጃ ስትደርስ ስልኩና ሣጥኗ ብሉቱዝ በሚባለው የአጭር ርቀት ሬድዮ ይነጋገራሉ፤ ንግግራቸውም በምስጢር ቍጥር የተሸፈነ ነው፤ ወዲያው ሞተሩ መወርወሪያውን ይስበዋል። የሥራ ሰዓቷ ሲያልቅ ፈቃዱም ያልቃል። ሥራዋን የለቀቀች ወይም የተሰናበተች ሠራተኛ መክፈቻ መልሺ አትባልም፤ በመሥሪያ ቤቱ ስሟ ከተሰረዘ በሩ አያውቃትም። ስልኩ ቢጠፋም እንዲሁ ነው። የሌሊት ደወል በተደወለ ጊዜ ደግሞ ፈቃዱ ለቅርቧ ረዳት በዚያው ቅጽበት ስለሚላክላት፥ ካለችበት ቤት በቀጥታ ወደ ባልቴቷ ቤት ትሄዳለች። አሠራሩ በአረጋዊው ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ ቤቱ የእርሱ ነውና።

እንዲህ ሲባል ነገሩ እንከን የሌለበት መስሎ ይታያል፤ እንደዚያ ግን አይደለም። የባትሪ ድንጋይ ያልቃል፤ ሣጥኗ አስቀድማ ብታስጠነቅቅም የተጠነቀቀው ሰው ካልሰማ ምን ይጠቅማል? አሮጌ በር ከማጠፊያው ወርዶ እንደ ሆነ ሰው በትከሻው ገፋ አድርጎ ይዘጋዋል፤ ሞተር ግን ትከሻ የለውም፤ መወርወሪያው በጠርዙ ላይ ተይዞ ይቀራል። የቤቱ በር ቢከፈት የሕንፃው መግቢያ ካልተከፈተ ረዳቷ ከመንገድ ላይ መቅረቷ ነው፤ ስለዚህ ለጋራው በርም ሌላ ዘዴ መፈለግ አለበት። የቁልፉ ውስጣዊ አሠራር ጕድለት ተገኝቶበት ዐዋቂዎች ያለ ፈቃድ የከፈቱበት ጊዜም አለ፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሠራው ኩባንያ ጕድለቱን እየተከታተለ የሚያርም መሆኑን ሳያረጋግጡ መግዛት መክፈቻን በደፍ ላይ ትቶ እንደ መሄድ ነው። በነዚህ ምክንያቶች አስተዋይ የሆነ መሥሪያ ቤት የብረቱን መክፈቻ ፈጽሞ አይጥልም፤ ለክፉ ቀን ያስቀምጠዋል።

ከነዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ በራሱ ጊዜ የሚቈለፍ በር ነው። በገበያ ላይ ከሚሸጡት የዚህ ዐይነት ቁልፎች ብዙዎቹ በሩ ከተዘጋ በኋላ ጥቂት ቈይተው ራሳቸው እንዲቈልፉ ሆነው ሊታዘዙ ይችላሉ። ለጐልማሳ ሰው ይህ ምቾት ነው። አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ግን ጋዜጣውን ለማንሣት በነጠላ ጫማ ወደ ደጅ ሲወጡ በሩ ከኋላቸው ቢቈለፍ፥ የምስጢር ቍጥሩም ቢጠፋባቸው፥ ስልካቸውም በጠረጴዛ ላይ ቢሆን፥ ውጭውም በረዶ ቢሆን፥ ሊጠብቃቸው የተተከለው ዕቃ ገዳያቸው ሊሆን ነው። ይህን አሳስቦ የሚገዛ ልጅ ጥቂት ነው፤ ብዙው የሚያስበው ስለ ሌባ ነው። ከቃጠሎ የተነሣ ደግሞ አንድ የማይታለፍ ሥርዐት አለ፤ ማናቸውም ቁልፍ ቢሆን፥ በውስጥ ያለ ሰው ያለ መክፈቻ፥ ያለ ቍጥር፥ ያለ ስልክ፥ በእጁ ብቻ ሊከፍተው የሚችል መሆን አለበት።

ሣጥኗ ሌላም ሥራ አላት፤ ትጽፋለች። በሩ በስንት ሰዓት፥ በማን ስልክ እንደ ተከፈተና እንደ ተዘጋ በመዝገብ ይቀራል። ይህም በአንድ በኩል መልካም ነው፤ ሄድሁ ብላ ያልሄደች ሠራተኛ፥ ወይም ለግማሽ ሰዓት ተከፍሎት ዐሥር ደቂቃ ብቻ የቈየ ኩባንያ፥ መዝገቡ ይመሰክርበታል። በሌላ በኩል ግን ረዳቷን በደቂቃ ያስራታል። ባልቴቷ ስለ ሞተ ባላቸው ማውራት ሲጀምሩ ረዳቷ ሰዓቷን እያየች ልብሷን መልበስ ትጀምራለች፤ ለማዳመጥ የሚመዘገብ ሣጥን የለምና። የመዝገቡ ነገር ሹማምንቱንም የሚመለከት ነው። ከግንቦት ወር 2018 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሠራበት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ እንዲህ ያለው መዝገብ ለምን እንደሚያዝ፥ ማን እንደሚያየው፥ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ እንዲወሰን ያስገድዳል። አረጋዊ መሆን ምስጢር የሌለው መሆን አይደለምና።

ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ልጅ ራሱ ገዝቶ በወላጁ በር ላይ ሲተክለው ይህ ደንብ በመካከላቸው አይገባም፤ ጥንቃቄው ለልጁ ኅሊና ይቀራል። ልጁ በሌላ ከተማ ወይም ከባሕር ማዶ ሆኖ በስልኩ ላይ የእናቱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይነገረዋል። ለሠራተኛዋ አንድ ቍጥር፥ ለጐረቤት ሌላ ቍጥር፥ ለሐኪም ለአንድ ቀን ብቻ የሚሠራ ሌላ ቍጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ደግ ነው። ነገር ግን እናት በ3 ሰዓት ወጥታ በ7 ሰዓት እንደ ተመለሰች ያየ ልጅ ስልክ ደውሎ፥ እናቴ እስካሁን ወዴት ነበሩ? ማለት ሲጀምር ነገሩ ተገለባበጠ። ጃፓን ውስጥ ዞጂሩሺ የሚባለው ኩባንያ በ2001 ያወጣው የሻይ ውኃ ማፍያ ከዚህ ይሻል ይሆናል፤ ማፍያው ሽማግሌው ውኃ መቅዳቱን ብቻ ለልጁ ያስታውቃል። ወላጅ ጧት ሻዩን ማፍላቱን ማወቅ ደኅንነቱን ማወቅ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው መግባትና መውጣቱ የራሱ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው አእምሮው የደከመ ሰው ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር በ1906 በሐኪሞች ጉባኤ ፊት የአንዲት ሴት ሕመምተኛን ነገር ከተናገረ ወዲህ በስሙ የሚጠራው የመርሳት በሽታ፥ ሰውን በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል። ሕመምተኛው በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ፥ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ተወው ሥራ ለመሄድ ወይም የሞተች እናቱን ለመፈለግ በሩን ከፍቶ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ቤተ ሰብ የሚመጣበት የመጀመሪያ አሳብ በውጭ በኩል ቈልፎበት መሄድ ነው፤ በስልክ የሚታዘዝ ቁልፍም ይህን ከመቼውም ይልቅ ቀላል ያደርገዋል። የስዊድን መሠረታዊ ሕግ በሁለተኛው ምዕራፉ ሰው ሁሉ በመንግሥት ሥልጣን ያለ ሕግ ነፃነቱን እንዳይነፈግ ይከለክላል፤ ለማዘጋጃ ቤትም የታመመን አረጋዊ በገዛ ቤቱ ቈልፎ እንዲያስቀምጥ ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ የለም። ስለዚህ ሠራተኞቹ በሩን ከመቈለፍ ይልቅ የመከፈቱን ወሬ ይጠብቃሉ፤ በሌሊት የተከፈተ በር ለተረኛዋ ያስታውቃታል፥ እርስዋም ሄዳ ታነጋግረዋለች፥ ካባውን ታለብሰዋለች፥ ጥቂት አብራው ሄዳ ትመልሰዋለች። ይህ አሠራር ብዙ ሰው ይጠይቃል፥ ገንዘብም ያስወጣል፤ ሰው ባነሰበት ቦታ ሕጉን የሚሸሽ ብልኀት መፈለጉ አይቀርም፤ በሩን ሳይቈልፉ ለደካማ እጅ የማይከፈት ማድረግ ከነዚህ ብልኀቶች አንዱ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ3ኛው ምዕራፍ አእምሮው ስለ ደከመ አባት ማስጠንቀቁን ለሚያውቁ ሊቃውንት ክርክሩ አዲስ አይሆንባቸውም።

ይህ ዕቃ ዛሬ በአዲስ አበባም ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል ይገኛል፤ ልጆቻቸው በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩላቸው ወላጆችም በስጦታ ሊደርሳቸው ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይመዝኑ ገንዘብ ማውጣት አይገባም። በስዊድን ቁልፉ የሚጠቅመው በሩ ሲከፈት የምትገባ ረዳት ስላለች፥ ደመወዟንም ማዘጋጃ ቤቱ ስለሚከፍል ነው። የሚገባ ሰው በሌለበት የሚከፈት በር ምን ይረባል? በባሕር ማዶ ያለ ልጅ በስልኩ በሩን ሊከፍት ይችላል፤ የወደቀ አባቱን ግን በስልክ አያነሣም። እንግዲህ በኢትዮጵያ ከቁልፉ በፊት የሚፈለገው ከበሩ አጠገብ ያለው ሰው ነው፤ ይኸውም ጐረቤት፥ የእድር ጓደኛ፥ የክርስትና ልጅ ወይም የሰፈር ዘበኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ታውቆ፥ ጠርተው ካነጋገሩት፥ ወላጅም ከወደደው በኋላ፥ ለእርሱ የሚሆን ቍጥር መስጠት ያለ ጥርጥር ይጠቅማል። ወላጅ ሳይወድ የተሰጠ ቍጥር ግን ቤቱን ለባዕድ እንደ ማስረከብ ይቈጠራል፤ ባልቴቷም በሩን ከውስጥ በወንበር ቢደግፉት አይፈረድባቸውም።

በስዊድን ከተሞች ከቤት ወደ ቤት ከሚዞሩት ረዳቶች ብዙዎቹ ከሌላ አገር የሄዱ ናቸው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱም ይገኙባቸዋል። በዚያ አገር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሰው ሁሉ፥ ትልቁም ትንሹም፥ አንተና አንቺ እየተባባለ በስሙ ይጠራራል፤ በእናት አባት ቤት እርስዎ ማለትን ተምራ ላደገች ሴት የዘጠና ዓመት ባልቴትን በስም ብቻ መጥራት መጀመሪያ ላይ አፍ ያስይዛል። ሥራው ከሚያስተምራቸው ሥርዐቶች አንዱ ግን ከአገሯ ልማድ ጋራ ይስማማላታል። በሩን የሚከፍተው ፈቃድ በስልኳ ውስጥ አለ፤ ጣቷን ብታሳርፍ ወዲያው ይከፈታል። ቢሆንም አስቀድማ ደወሉን ትደውላለች፥ ስሟንም ትናገራለች፥ ከውስጥ የእግር ኮቴ ወይም የግቢ ድምፅ እስክትሰማ ድረስ በደፉ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።